ቀዳዳዋ ድንጋዬ ሰልፍ ላይ ናት

ከጉለሌ የወጣሁት ለስኳር ወረፋ የምሄድ መስዬ ነው። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ፣ ድንጋዬን ይዤ። ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ቀሚስና እማዬ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ስደርስ ድንጋዬን ከሰው ድንጋይ ኋላ አስቀመጥኩና እንደ ሁልጊዜው አጠገቤ ለነበሩት «መጣሁ» ብዬ በዊንጌት በኩል ቀጥ አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣሁም።

የድንጋዩን ነገር የሰፈሬ ሰው አይነገረውም፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። በኛ ሰፈር ለስኳር፣ ለሳሙና፣ ለዘይት የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነበር። ማን በዚያ ውርጭ ቆሞ ያድራል! እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው፤ የእማዬ የተሰነጠቀ የሸክላ ድስት፣ የጎረቤታችን የጋሽ ወርቁ የጡብ ስባሪ፣ የኔዋ ከእንጦጦ ወንዝ ያመጣኋት መሃሏ የተበሳ ቀይ ድንጋይ። የሰው ድንጋይ ማንሳት ነውር ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ባለቤቱ ባይኖር እንኳ ከኋላ ያለው ሰው በእግሩ እየገፋ ያስጠጋለታል።

ያሰደደችኝ ምላሴ ናት። እሑድ እሑድ ቀበሌ ውይይት ነበረን፤ ደግሞ መቅረት አይቻልም፣ የቀረ ስኳር አያይም። ያን ሰሞን ለነገሩ የተገኘውም አላየም። ካድሬው ተነሣና «ለኢኮኖሚያችን ችግር ተጠያቂው የትኛው ፓርቲ ነው? ሁላችሁም በየተራ አስተያየት ስጡ» አለን። አንዱ ተነሥቶ ያንን በሕቡዕ የነበረውን ፓርቲ ከሰሰ። ወይ ጉድ፣ እነዚያ ልጆች ካለቁ ስንት ክረምት አልፏል! ሌላዋ ደግሞ መጀመሪያ ከመንግሥት ጋር ወግኖ ኋላ የኮበለለውን ፓርቲ ወቀሰች። ጋሽ ወርቁ፣ የቀበሌው ጥበቃ ናቸው፣ «ድርቁም አለበት» ብለው በብልሃት ተቀመጡ። ከዚያ ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«ጓድ ጽጌ?»

«ጓድ፣ እኔ እንጃ፣ ግራ ገባኝ» አልኩት። «አንዱ ፓርቲ መቃብር ነው፣ አንዱ ውጭ አገር ነው። እዚህ ያለው ፓርቲ አንድ ነው። ታዲያ ስኳሩን ሙታን ተነሥተው ነው የላሱት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጉዴን ያፈላው ሳቁ ነው፤ ሰው ባይስቅ ኖሮ በሂስ ይታለፍ ነበር። ካድሬው ቀና ብሎ አየኝ፤ እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

በነጋታው ጋሽ ወርቁ ቤት መጡ። ጠመንጃቸውን ደጅ አስደግፈው ገቡና «ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅዎን ሐሙስ ሊወስዷት ነው። የምይዛትም እኔ ነኝ» አሉ።

እማዬ ደረቷን መታች። «ይቅርታ ብትጠይቅስ?»

«ይቅርታ ብቻ አይበቃም። በስብሰባ ላይ ቆማ፣ ስኳሩን የሚደብቀው አሻጥረኛ ባለ ኪዮስኩ አባ ነጋ ነው ብላ ካጋለጠች ይምሯታል።»

አባ ነጋ! ስኳር ቢኖራቸው ኖሮ ሻያቸውን በከረሜላ ይጠጡ ነበር? ደሜ ፈላ። «እሳቸውን አሳስሬ እኔ እዚህ ሰፈር በየት በኩል አልፋለሁ? አላደርገውም» አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ ሐሙስ ስመጣ ቤት እንዳላገኝሽ። ግን ስሚኝ፣ መኮብለልሽ ከተረጋገጠ እናትሽን ነው የሚያስሩት። ማንም ስትሄጂ እንዳያይሽ።»

ይቺ ቃል ናት መንገዱን ሁሉ ስትበላኝ የከረመችው። በአክስቴ ልጅ የይለፍ ወረቀት ጎንደር ደረስኩ፣ ከዚያ በመተማ በኩል በእግሬ። እባቡም ጥሙም ነበር፤ እኔ ግን የማስበው እማዬን ይዘዋት ይሆን እያልኩ ነው።

ካርቱም ገባሁ። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የእንጦጦ ነፋስ ጆሮ የሚቆርጠው ሰው እዚህ ጥላ ሥር ይጠበሳል። ኪስራ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ከሩቅ ሲያዩት እንጀራ ነው፣ ሲቀርቡት ወረቀት። ሰዉ ግን ደግ ነው፣ አልዋሽም። በረንዳዋን ያከራየችኝ ሀጃ ዘይነብ ገና ዕቃዬን ሳላስቀምጥ፣ ከሐበሻ ተከራዮቿ በለቀመችው አማርኛ «እናንተ አገር ፓርቲ ስንት ነው?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ዳቦስ?»

«የለም።»

«እኛ ደግሞ ስንትና ስንት ፓርቲ ነበረን፤ ዳቦ ግን ያው ነው» ብላ ሳቀችና ጎህ ሳይቀድ ለዳቦ ሰልፍ ቀሰቀሰችኝ። እኔም የአገሬን ደንብ አክብሬ ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኩና ተመልሼ ተኛሁ። ስመለስ ሰልፉ አልቋል፣ ድንጋዬ መንገድ ዳር ተወርውሯል። ዳቦ ሻጩ በሳቅ እየፈረሰ «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ድንጋይሽ ዳቦ ይበላል?» አለኝ፤ የተረጎመችልኝ ሀጃ ናት። ያን ቀን ነው ሰው አገር መሆኔ የገባኝ፤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የስደተኛ ወረቀት ለማውጣት ደግሞ ቢሮ ሄድኩላችሁ። ሹሙ በአስተርጓሚ «የየትኛው ፓርቲ አባል ነበርሽ?» አለኝ።

«የማንም።»

«እንግዲያው ለምን ተሰደድሽ?»

«ስለ ፓርቲ ጠይቀውኝ ስለመለስኩ።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። ሹሙ ግን «ፓርቲ የሌለው ሰው ማን ያሳድደዋል? ፓርቲ ሲኖርሽ ተመለሽ» ብሎ ሸኘኝ። እዚያ ስለ ፓርቲ ተናገርሽ ብለው፣ እዚህ ፓርቲ የለሽም ብለው! ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ደጅ ላይ አቶ ደምሴ የሚባል የኛው አገር ሰው ያዘኝ። ያ የኮበለለው ፓርቲ ሰው ነው። «እኅቴ፣ አባላችን ናት ብለን እንጽፍልሻለን፣ ወረቀቱ በአንድ ሳምንት እጅሽ ይገባል» አለኝ። «አንቺ ብቻ ዓርብ ስብሰባችን ላይ ቆመሽ፣ አገሪቱን ያደኸያት ያ የሕቡዕ ፓርቲ የጀመረው ትርምስ ነው በይ። ሰልፍ ያየሽ ሕያው ምስክር ነሽ።»

«የሞቱትን?»

«ሙት ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እንዲህ ያለውን ስብሰባ እኮ ጉለሌ ትቼው መጣሁ፣ ወንድሜ» አልኩት። «እዚያ ስኳር፣ እዚህ ወረቀት። ጥያቄያችሁም አንድ፣ መልሳችሁም አንድ! ለመሆኑ እናንተ ከመንግሥት ጋር ሆናችሁ ስታጨበጭቡ ስኳሩ የት ነበር?» ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ወረቀቴም እዚያው ቀረ። ከሻ በሚሉት አፈሳ ስንቴ ተይዤ በሀጃ ዘይነብ ልመና ተፈታሁ፤ ግን አልጸጸትም። የሰው ቤት እየጠረግሁ እኖራለሁ፣ ሰው ግን አላስከስስም።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሣኝ፤ እማዬን ይዘዋት ይሆን? በመጨረሻ በመንገደኛ ቀን አስልኬ፣ ስልክ ካለው ዘመዳችን ቤት እንድትጠብቀኝ አደረግሁ። መስመሩን ስለሚያዳምጡት አክስቴ ነበር የምላት።

«አክስቴ፣ ደኅና ነሽ? አልነኩሽም?»

«ምን ቆርጧቸው! ደኅና ነኝ፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።» ቀጠለችና «ያቺ ቀዳዳ ድንጋይ እኮ አሁንም ሰልፍ ላይ ናት» አለች።

«እንዴት ሆኖ?»

«ያ የስብሰባው ሰውዬ እየመጣ፣ ባለቤቷ የታለች ይላል። ሰዉ ደግሞ ‹አሁን እዚህ ነበረች፣ መጣሁ ብላ ዞር አለች› ይለዋል። ሰልፈኛው በሙሉ! ባለ ከረሜላው ሽማግሌ እንኳ መስቀል ይዘው ማሉለት። ሄደች የሚል ምስክር አጥቶ ይመለሳል። ባለ ጠመንጃው ጎረቤታችን ራሳቸው ናቸው በእግራቸው የሚያስጠጓት።»

እዚያው ፖስታ ቤት ውስጥ፣ በሰው መሃል፣ እየሳቅሁ አነባሁ። «ስኳርስ መጣ?»

«ስኳርስ አልመጣም። ድንጋይዋ ግን ፊት ደርሳለች።» ከዚያ አክስትነቷን ረሳችው። «ቦታሽን ማንም አይነካውም፣ ልጄ። መቼ ነው የምትመጪው?»

ቴሌፎነኛው ሰዓትሽ አልቋል ብሎ መስታወቱን ያንኳኳል።

«መጣሁ» አልኳት።