ተራዬን አልለቅም

ከጀሞ የወጣሁ ዕለት ማታ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ እንደ ሠርግ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ሻንጣዬ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ተጭኗል፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ላይ ግን ጸሎቱ ገና አላለቀም። የጸሎት ቡድናችን መሪ ከኤርፖርቱ ፍተሻ ጀምሮ እስከ እንግሊዝ አገር ብርድ ድረስ አንድ በአንድ እየጠራ ለጌታ አደራ ሰጠኝ። "አሜን" ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ ደግሞ ጉርሻው ጀመረ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ አስካለ አንዱን አላምጬ ሳልጨርስ ሌላ ደገሙኝ። እናቴ ግን አላጎረሰችኝም። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ስሚኝ ምሕረት፣ ወፍረሽ ነው የምትመጪው። አለዚያ ቤቴ አላስገባሽም!" አለችኝ።

ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ታናሽ እህቷ ከቤሩት ስትመለስ ቦሌ ልንቀበላት ሄደን በአጠገባችን ስታልፍ ሳናውቃት ቀርተናል፤ አጥንቷ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእናቴ የሰው አገር ደግነቱም ክፋቱም የሚታየው በልጅ ጉንጭ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መካኒሳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ለታክሲ ተጋፍቼ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ አራት ፎቅ ወጥቼ፣ ሥጋ የሚባል ነገር አልጠጋሽ ብሎኝ የኖርኩ ነኝ።

እናንተዬ፣ እንግሊዝ አገር ያንን ሁሉ ካሰችኝ! ሊድስ በሚባል ከተማ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ኬር ሆም ይሉታል፣ ተቀጠርኩ። ሥራዬ አዛውንቶችን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማብላት ነው። በሻይ ሰዓት ብስኩት፣ በምሳ ሰዓት ቺፕስ የሚሉት የድንች ጥብስ፣ ስትወጪ ብርዱ ፊትሽን በጥፊ ይልሻል፣ ፀሐይዋ እንደሆነች ብቅ ብላ ሰላም ሳትል ትገባለች። ጀሞ ቢከፋኝ የማንንም በር አንኳኩቼ እገባለሁ። እዚህ የሚከፈትልኝ ፍሪጅ ብቻ ነው። ከፈትኩት፣ በላሁ። ፎቶ በላክሁ ቁጥር እናቴ እልል ትላለች። "ተመስገን! ፊትሽ ሞላ! ደላሽ!" ሀይሌ ጋርመንት ያለችው ልብስ ሰፊዋ ሳትቀር ፎቶዬን አይታለች።

እኔ ግን ጉልበቴ መክዳት ጀመረ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። አንድ ቀን ጭራሽ አልጋዬ ተሰበረ። አከራዬ መጥቶ የተሰበረውን ጣውላ ሲያገላብጥ ቆየና፣

"በውላችን መሠረት እዚህ ክፍል የሚያድረው አንድ ሰው ነው፤" አለኝ።

"አንድ ሰው ነኝ።"

አልጋውን አየ፣ እኔን አየ። "እርግጠኛ ነሽ?"

ምን ልበለው? "ነኝ፤ ከፈለግህ ቁጠረኝ" አልኩት። የሳቅሁት እንዳላለቅስ ብዬ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስኳር ጀምሮኛል። ዶክተሯ ደግ ሴት ነች፤ ክብደት የሚያስቀንስ መርፌ እንዳለ፣ መንግሥት ከግብር በሚሰበስበው ገንዘብ በተራ እንደሚሰጥ ነገረችኝና መዘገበችኝ። ተራው ረጅም ነው። የሥራ አለቃዬ በበኩሏ፣ "ሰው ማንሳት ካቃተሽ ልንቀጥልበት አንችልም" ብላ በግልጽ አስጠንቅቃኛለች። ቪዛዬ ደግሞ በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንግዲህ ያ መርፌ ለእኔ የመቀናጣት ጉዳይ አልነበረም፤ ሥራዬም እንጀራዬም እሱ ነበር።

ተራዬ እስኪደርስ ስለ አመጋገብ የምትመክር ባለሙያ፣ ዳይቲሽያን፣ ዘንድ ላኩኝ።

"በአንድ ጊዜ ምን ያህል ትበያለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም። ጎኔ ያለውን ክፍል ከተከራየችው የአገሬ ልጅ ከሳባ ጋር በአንድ ትሪ ነው የምንበላው።"

"ታዲያ ያንቺ ድርሻ የት ጋ ያበቃል?"

"የሳባን እጅ ሳገኘው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለምን ሳሕንሽን አትለዪም?"

"ምን? ተጣልተን ነው?"

ስለ ጉርሻ ስነግራትማ ጭራሽ ግራ ተጋባች። "ሌላ ሰው በእጁ አፍሽ ውስጥ ይጨምራል? እምቢ ማለት አይቻልም?"

"ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቤት መከራየት አለብኝ።"

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ለሳባ ነገርኳትና፣ እሷ ኩርፍ እንዳለች፣ ለብቻዬ በትንሽ ሳሕን መብላት ጀመርኩ። የዚያን ሳምንት እንጀራው ሁሉ ጭር ያለ ነበር።

በመካከሉ ወሬ መጣ። የአካባቢው የጤና በጀት ስላነሰ የክብደት ሕክምናው ይቁም ወይስ ይቀጥል፣ ነዋሪው ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሐሳብ ይስጥ ተባለ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የእኛ ሰዎችም ይኸንኑ ያዙ። ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ደመቀ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "እኔ በዚህ ዝናብ ስዞር የምውለው፣ የምገብረው፣ ሰው በልቶ ለወፈረው ነው እንዴ? አፉን ይዝጋ!" አሉ። የእኔን መመዝገብ አያውቁም። ሳባ በክርኗ ነካችኝ። እኔ ኩኪሴን ይዤ መሬት መሬት አየሁ። እዚያው አገራችን "ተመችቶሻል፣ አማረብሽ" የሚሉኝ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ውፍረቴን ኃጢአት አደረጉት! ንድድ አለኝ። እናም ለጋሽ ደመቀ ያልመለስኩትን እሄድና እዚያው ስብሰባው ላይ እናገራለሁ አልኩ።

ስብሰባው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ነበር። ወንበሩ ጠባብ ስለሆነ ከኋላ ቆምኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ተነሡና፣ "ሚስቴ የዳሌ ቀዶ ሕክምና እየጠበቀች ቤት ውስጥ እየተሳበች ነው። ራሳቸውን መግዛት ላቃታቸው ሰዎች ገንዘብ ከማባከን እንደሷ ያሉት ይቅደሙ!" አሉ። ተጨበጨበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን በሉት። ልክ ናቸው ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ግን እጄ ብድግ አለ፤ መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።

"እኔ ኬር ሆም ነው የምሠራው" አልኩ፣ እንግሊዝኛዬ እየተደነቃቀፈ። "የእናንተን እናቶች የማነሣው እኔ ነኝ። ጉልበቴ የደከመው እነሱን ሳነሣ ነው፣ የበላሁትም አለ፤ አልክድም። ግብር እከፍላለሁ። እኛ አገር ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ማን ስንት ጎረሰ ብሎ የሚለካ የለም፤ የሚለካ ሰው ነውረኛ ነው። ግን ከመካከላችን የታመመ ካለ ሥጋውን ወደሱ በኩል ገፋ እናደርግለታለን። ለምን ታመምክ፣ ምን አጥፍተህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። የዚህ ሰውዬ ሚስት ይገፋላት። እኔም ከትሪው አልነሣም። ተራዬን እጠብቃለሁ እንጂ ተራዬን አልለቅም።"

ከዚያ አንዲት ሴት አጨበጨበች፣ ሌሎችም ተከተሏት። ሁሉም አይደሉም። ሰውዬው አላጨበጨቡም። ስወጣ ግን በሩን ይዘውልኝ ቆመው፣ "ጉልበትሽን ነው?" አሉኝ። "ጉልበቴን ነው።" "እሷንም ከዚያ ነው የጀመራት" አሉ፣ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በዚያ ጉልበቴ እያነከስኩ ስሄድ፣ ጌታ ያውቃል፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ውሳኔው እስካሁን አልመጣም። ለእናቴ ግን መደበቅ አላስቻለኝም፤ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉልበቴን፣ ስኳሩን፣ ስብሰባውን። "ወይኔ ልጄን!" ስትል ጠብቄ ነበር። አላለችም። ጀሞ ላይ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲል በስልኩ ይሰማኛል።

"በፈረንጆቹ ፊት ቆመሽ ተናገርሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ቆሜ።"

"ይገባኛል አልሽ?"

"ይገባኛል አልኩ።"

ከዚያ፣ "እኔም ስኳር አለብኝ፣ ምሕረት" አለች። "ከጤና ጣቢያ መድኃኒቱን እወስድ ነበር፣ በጤና መድን። ከዚያ ሰልፍ ላይ አንዷ፣ 'ልጅዎ እንግሊዝ አገር ደልቷት ፎቶዋን እያየን፣ እርስዎም እንዲህ ተመችቶዎት፣ ከድሃ ጋር ይጋፋሉ?' አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።"

"እማዬ! መድኃኒቱንስ?"

"ተውኩት።"

እኔ እዚህ ላስከብረው የቆምኩለትን ነገር እናቴ እዚያ በእኔ ምክንያት ጥላው ኖራለች! በዚያ ወፍራም ፎቶዬ ስትደሰት፣ ያው ፎቶ ከሰልፍ አስወጥቷታል። ጮህኩባት፣ አለቀስኩ፣ ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኋት። መድን በየዓመቱ ከፍላለች እኮ፤ የማንን ወሰደች?

"ሰኞ እሄዳለሁ፤" አለችኝ። "ግን ብቻዬን እንዴት ብዬ..."

የሚያሳዝነው እኮ ይኸ ነው። ሮጬ ሄጄ ክንዷን አልይዛት፤ በመካከላችን ያለውን ባሕርና ቪዛ ታውቁታላችሁ። "ሰልፍ ስትገቢ ደውይልኝ" አልኳት።

ሰኞ ገና ሳይነጋልኝ ደወለች። ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሳል ይሰማል፣ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፣ "ካርድ አውጡ!" የሚል ዘበኛ ይሰማል። ብዙም አላወራንም። "ተራመዱ" ሲባል "ተራመድን" ትለኛለች። ከዚያ የማላውቃት ሴት ድምፅ መጣ።

"እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?"

"ከልጄ ጋር ነዋ!" አለች እናቴ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "እሷም እዚያ ሰልፍ ላይ ነች። ተራችንን እየጠበቅን ነው።"