ዘርጋ ለመስቀል ያስፈቀደበት ቃል

የወንድሜን የዘርጋን ማረፍ የሰማሁት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። የደወለው ልጁ ነበር። «እትዬ፣ አባዬ...» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። በሰው አገር ለቅሶ ብቻዬን ተቀመጥሁ። እንባዬ ሲያባራ ትዝ ያለኝ ግን፣ ይገርማል፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። እኔ ወልቂጤ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ፤ ዘርጋ አዲስ አበባ ፈረንጅ ቤት ምግብ ያበስላል። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤታችንን ደመራ የሚለኩሰው እሱ፣ ታላቁ ልጅ ነበር። ለመስቀል አገሩ ያልገባ ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ ጠፋ ሰው ይቆጠራል።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ጉብሬ ወዳለው ቤታችን የሚወስደውን መንገድ ጭቃ ውጦት ሳለ፣ አንድ እሑድ ከች አለ።

«ፈረንጁ ፈቃድ ከለከለኝ» አለ፣ ጎመኑን በቆጮ እየጠቀለለ። «"አምና ለመስቀል ሄደሃል፤ ደግሞ የምን መስቀል ነው?" ይለኛል። በየዓመቱ መሆኑን የሚናገር ቃል ስጪኝ። አንድ አስተማሪ "አኒቨርሰሪ በለው" ብሎኛል።»

«እሱ የጋብቻ ወይም የሙት ዓመት ነው፣ ጋሼ። ሚስት የለህ! "ስንተኛችሁ ነው?" ቢልህስ?»

«እሰየው! ስጦታ ይሰጠኛላ።»

«በመስቀል ስም አትዋሽ። አኑዋል በለው። በየዓመቱ የሚመጣ ማለት ነው።»

«አንዋር? አንዋርማ ቡታጅራ በርበሬ የሚነግደው ጓደኛዬ ነው!»

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ተቆጣች። «አንቺ ልጅ፣ የሚቀለውን ስጪው። ቃል ከብዶት ልጄ ይቅርብኝ?»

እኔ ግን አልለቀቅሁም። አኒቨርሰሪ ካለፈ ነገር ተነሥቶ ዓመት ይቆጥራል፤ መስቀልን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ይመጣል እንጂ። አውቶቡስ ተራ ድረስ እያለማመድሁ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት «አንዋር!» ብሎ ጮኸልኝ። ሲያሾፍ ይሁን ተሳስቶ አላወቅሁም።

የደመራው ዕለት እስኪመሽ አልታየም። እናቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ችቦውን ለአጎቴ ልትሰጥ እጇን ዘረጋች። ያኔ ዘርጋ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ገባ። በእጁ ትልቅ ኬክ ይዟል።

«በየትኛው ቃል አስፈቀድህ?» አልሁት።

«መጣሁ አይደል?» አለና ችቦውን ተቀበላት።

ከዚያ ወዲያ አንድም መስቀል አልቀረም። ቃሉን ግን በጠየቅሁት ቁጥር በሳቅ ያልፈው ነበር።

በዚያ ፈረንጅ ግቢ አብራችሁት የሠራችሁ፣ ሲያስፈቅድ አጠገቡ የነበራችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን አለው? ዋሽቶም ከሆነ አትደብቁኝ። አርባው ሳይደርስ በጸሎቴ ላስበው።