እኩል የተካፈለው ስቴሪዮ

የዜና አንባቢው አገጭ ወይን ጠጅ ነበር። ግንባሩ ደህና ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው፤ ከአፍንጫው በታች ግን ቀለሙ ተበለሻሽቶ ክራቫቱ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ሮዝ ሆኗል። እሁድ ከሰዓት ነው፤ የምሥራቅ ሰፈር ሴቶች ተሰብስበን የወለደች ልንጠይቅ ሄደን ገንፎው ፊታችን ቀርቧል። ሌሎቹ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ይከራከራሉ። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጫለሁ። እንዲህ ያለ አገጭ በራሱ አይመጣም። ከቴሌቪዥኑ ሥር ትልቅ ማግኔት አለ ማለት ነው፤ ትልቅ ማግኔት ካለ ደግሞ ትልቅ ስፒከር አለ ማለት ነው።

የሕፃኑ አያት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት፣ ዓይኔን ተከትለው አዩና ተነፈሱ።

«ይሄ ቴሌቪዥን እኮ አልሆነልኝም፣ ልጄ። ሠሪው ይወስደዋል፣ እሱ ቤት ጤነኛ ይሆናል፤ እዚህ ሲመለስ ይታመማል። የሰው ዓይን ነው መሰለኝ።»

ጣቴን ጠርጌ ተነሣሁና ከቴሌቪዥኑ ሥር የተነጠፈውን ዳንቴል ገለጥ አደረግኩት። ቡናማ እንጨት፣ ማዕዘኑ የተወለወለ፣ ፊቱ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ፤ ቁመቱ ወገቤ ድረስ ይመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ኤሌክትሪክ ተምሬ የመጋዘን ሠራተኛ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ ምደባ ነው፣ ምን ይደረጋል። ትምህርቱ ባክኖ እንዳይቀር ከሥራ በኋላ የድሮ ስፒከር እጠግናለሁ፤ ከእንጨት የተሠራውን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን። ሀገሩ ሁሉ ስለ ሚሊኒየም የሚያወራበት ሰሞን ነበር፤ ሰዉ ከዲቪዲው ጋር ቀጫጭን የፕላስቲክ ስፒከር እየገዛ የድሮውን ከቤት ያስወጣል። ቆራሌው እንኳ የኔን በር ሳያንኳኳ አያልፍም ነበር። አስተማሪው ባሌ፣ አንድ ሳጥን በባጃጅ ጭኜ በመጣሁ ቁጥር፣ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ አመጣሽ?» ይለኛል። ችግሩ የሚመጡት ሁሉ ነጠላ መሆናቸው ነው። የአንዱ ጓደኛ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቃጥሏል፣ የሌላው ጓደኛ ጎርፍ ገብቶበታል። ስቴሪዮ ደግሞ እንደ ጫማ ነው፣ ጥንድ ካልሆነ አይሆንም። እኔ ቤት አምስት ግራ እግር ተደርድሯል። አንድ እውነተኛ ጥንድ፣ አብሮ ተሠርቶ አብሮ ያረጀ፣ በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም ነበር። ያ እሁድ ዕለት እንደዚያ ያቁነጠነጠኝ እሱ ነው።

«እትዬ፣ የዚህ ጓደኛው የት አለ?» አልኩ።

ሴቶቹ ሁሉ ሕፃኑን ትተው ገንፏቸውን ማየት ጀመሩ።

«እሱማ ባህል አዳራሽ ሰፈር ነው» አሉ እትዬ። «እሱ ዘንድ።»

«እሱ ማን?»

«እሱ ነዋ!»

ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝና ወደ ገንፎዬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ግን ከሥር ከመሠረቱ አጫወተችኝ። የእትዬ አባት ከሸዋ ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ስቴሪዮውን የገዙት ሀገሩ ከሚመለስ የእርሻ ባለሙያ ፈረንጅ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንብረቱን ለሁለቱ ልጆች አካፈሉ። አልጋ ላልጋ፣ ወንበር ለወንበር እያሉ ቆይተው ስፒከሮቹ ላይ ደረሱ። ሁለት ስፒከር፣ ሁለት ልጅ! ሽማግሌዎቹ በዕድሜያቸው እንዲህ የቀለለ ክርክር አላጋጠማቸውም። አንድ ለሴቷ፣ አንድ ለወንዱ። የካሴት ማጫወቻው አንድ ብቻ ስለሆነ በዕጣ ለወንዱ ደረሰ፤ ለሴቷ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣት። መርቀው ተነሡ። ከመሃላቸው አንድ ሰው እንኳ «ይሄ ነገር ካልተጣመደ አይሆንም» ብሎ አልተናገረም፤ ቢናገርም አዳላህ ይባል ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ናቸው። የኩርፊያውን ምክንያት እትዬን ብትጠይቁ አንድ ነገር ይነግሯችኋል፣ ወንድምየውን ብትጠይቁ ሌላ፤ ሁለቱም መሃል ላይ ሲደርሱ ይረሱታል። ለቅሶ ቤት አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ጀርባ ለጀርባ።

በማግሥቱ ብስክሌቴን ይዤ ባህል አዳራሽ ሄድኩ። ወንድምየው፣ ጋሼ ልበላቸው፣ የወንዶች ፀጉር ቤት አላቸው። ስፒከሩ ከመስታወቱ በላይ በወፍራም የብረት ድጋፍ ላይ ተጋድሟል። የስንት ዓመት የተቆረጠ ፀጉር ፊቱ ላይ ስለተለጠፈ ጢም ያበቀለ ይመስላል። ድምፁ ደግሞ ጉንፋን ይዞታል። በዚያ ላይ ከዘፈኑ ግማሹ የለም፤ ከበሮና ጊታር አለ፣ ጡሩምባው ጠፍቷል። ጡሩምባው ምሥራቅ ነዋ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ!

«ጋሼ፣ ይሸጡልኛል?» አልኳቸው።

«እሷ የሷን ከሸጠች እኔም እሸጣለሁ። ቀድሜ ግን አልሸጥም። 'ያባቱን ዕቃ ሸጠ' ብላ ከተማውን ልታዳርስ?»

ወደ ምሥራቅ ተመለስኩ። እትዬም «እሱ ይቅደም» አሉ፤ ቃል በቃል ያንኑ። ወር ሙሉ በብስክሌት ተመላለስኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንዴ ተናድጄ ለጋሼ፣ «እንግዲህ ሁለታችሁም እኩል ቀን፣ እኩል ሰዓት ሽጡልኝ!» ብላቸው ምላጩን አስቀምጠው አሰቡበት።

«ሳልሰማውማ አልሸጥም» አሉ በመጨረሻ። «አስተካክለሽ፣ አባባ ቤት እንደነበረው አንድ ጊዜ ልስማው። ከዚያ ውሰጂ።»

እትዬም በዚሁ ተስማሙ። ታላቅ እሳቸው ስለሆኑ መስሚያው እሳቸው ቤት ይሁን አሉ። ጋሼ ደግሞ «የምመጣው ለስፒከሩ ነው፣ ለሷ እንዳይመስላት» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም ለእትዬ እንዳይመስላቸው ነገርኳቸው።

ሁለቱን ሳጥኖች ቤቴ አስገብቼ ስከፍት ጉድ ፈላ። ከእትዬ ሳጥን ውስጥ ልጆችና የልጅ ልጆች በጀርባው ቀዳዳ የከተቱት ሁሉ ወጣ፤ እርሳስ፣ ማበጠሪያ፣ የአሻንጉሊት እጅ። ከጋሼው ውስጥ ትራስ የሚሞላ ፀጉር ወጣ። ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት ራሱ ደህና ነበር፤ ዙሪያውን ይዞት የነበረው ስፖንጅ ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ፈርፈር አለ። አዲሱን እዚህ ማን ይሸጥልኛል? ለቦርሳ ገበር የሚሆን ስስ የበግ ቆዳ ከአንድ ቦርሳ ሰፊ ገዛሁ፣ በቀለበት ቅርፅ ቆረጥኩ፣ በኮላ ለጠፍኩ፣ እስኪደርቅ ማንም በሩን ወርውሮ እንዳይዘጋ ቤተሰቡን አስፈራራሁ።

ከዚያ በባትሪ ድንጋይ ፈተንኳቸው። ሽቦውን ድንጋዩ ላይ ነካ ስታደርጉት ወረቀቱ ትንሽ ይዘላል። የእትዬው ወደ ውጭ ዘለለ። የጋሼው ወደ ውስጥ ገባ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ለየብቻቸው ደህና ናቸው፣ አብረው ሲጮሁ ግን አንዱ የሌላውን ወፍራም ድምፅ ይበላዋል። የጋሼውን ሳጥን ጀርባ ገልጬ ሳይ ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ በቀዩ ቦታ ገብቶ፣ በጨርቅ ፕላስተር በጥንቃቄ ታስሯል። የማን ሥራ እንደሆነ ሳልጠይቅ ፈታሁት፣ አቃናሁት፣ በየድኩት።

ስሰማቸው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ መሬት ለመሬት መጥቶ ከእግሬ ጀምሮ ይወጣል። ዘፋኙ በሁለቱ ሳጥኖች መሃል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ ቆሞ ይዘፍናል፤ ብትነኩት የምትነኩት ይመስላል። ባሌ የተማሪ ፈተና ማረሙን ትቶ መጣ። «ይሄስ ሬሳ አይደለም» አለ። ያን ዕለት ብፌውን ወደ መኝታ ቤት አስገፍቼ ቦታቸውን አዘጋጀሁ። ገና የሰው ንብረት ናቸው፤ እኔ ግን በየትኛው ጨርቅ እንደማለብሳቸው ጭምር ወስኛለሁ።

መብራት በፈረቃ ስለነበር ምሥራቅ የሚበራበትን እሁድ ጠብቀን ተቀጣጠርን። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ማጫወቻውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከባጃጅ ወረዱ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። ማንም ማንንም አልሳመም።

«ይቀመጥ በይው» አሉኝ እትዬ።

«ቆሜ እሰማለሁ በያት» አሉኝ ጋሼ።

በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆነው መልእክት ሲያመላልሱኝ ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግኩት። ቴሌቪዥኑ በርጩማ ላይ ተዛውሯል፣ ዜና አንባቢውም አገጩ ድኗል። አጠፋሁት። ሽቦዎቹን አገናኘሁ፣ የአባታቸውን ካሴት ከተትኩ፣ ተጫንኩ።

ያው ነው፤ ያማረ፣ የሞላ፣ የቆመ ድምፅ። በኩራት ዞር ብዬ አየኋቸው። እትዬ ግንባራቸውን ቋጥረዋል። ጋሼ የማያውቁት ሰው እቤታቸው የገባ መስለዋል።

«ይሄ አይደለም» አሉ እትዬ።

«አይደለም» አሉ ጋሼ።

ከዓመታት በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የኔ ሥራ መበላሸቱ ሆነ።

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«ዘፋኙ» አሉ ጋሼ። «ፊታችን ምን ይገትረዋል? የኛ ቤት ዘፋኝ ደጅ ነበር።»

«በጓሮ በር በኩል» አሉ እትዬ። «አባባ እንኳ 'ይሄ ሰው ዓይን አፋር ነው፣ ቤት አይገባም' ይል አልነበር?»

ያኔ ገባኝ። ሽቦው ሲገለበጥ የዘፋኙ ድምፅ መሃል ላይ መቆም ያቅተዋል፤ ይበተናል፣ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ አንዳንዴ ከኋላ ነው፣ አንዳንዴ ከውጭ። ያ በጨርቅ ፕላስተር የታሰረው ሽቦ የአባትየው የእጅ ሥራ ነው። ስቴሪዮውን ካስገቡበት ቀን ጀምሮ ተሳስተው ገጥመውት፣ ልጆቻቸውን በስህተቱ አሳድገዋል።

ዝም ማለት አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው። «አባታችሁ ገመዱን ገልብጠውት ነበር» አልኩ። «ትክክለኛው ይሄ ነው።»

«አባባ አልገለበጠም!» አሉ እትዬ።

«የአባባ የእጅ ሥራ ንጹሕ ነበር» አሉ ጋሼ። «አንቺ ነሽ የገለበጥሽው።»

ተናደድኩ። የበግ ቆዳውን የቆረጥኩት እኔ፣ ፀጉሩን ያራገፍኩት እኔ! ግን ምን ብዬ ልከራከር? ከጋሼው ሳጥን ጀርባ ተንበርክኬ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ መልሼ አሠርኩ። በገዛ እጄ ወጥ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነበር። እንደገና ተጫንኩ።

ቤዙ ጠፋ። ድምፁ ሳሳ፣ ተንሳፈፈ፤ ለኔ ጆሮ ሕመም ነው። ዘፋኙ ከሳጥኖቹ መሃል ተነሥቶ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች እኩል፣ ሳይተያዩ፣ አንገታቸውን ወደ ጓሮው በር አዞሩ።

እዚያ ማንም የለም፤ የተዘረጋ የሕፃን ልብስና አንድ ባልዲ ብቻ ነው ያለው። እነሱ ግን ያዳምጣሉ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በማላውቀው፣ በወፈረ፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ «ግባ እንጂ ሰውዬ፣ ማን ከለከለህ?» አሉ ወደ በሩ። እትዬ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለይቼ አላወቅኩም። ጋሼ ተቀመጡ። ካሴቱ አንደኛውን ገጽ ጨርሶ ቀጭ ብሎ ቆመ።

እኔ ቀናሁ። እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። የቀናሁት በስፒከሮቹ አልነበረም፤ አብሮኝ ተሳስቶ ያደገ ሰው ስለሌለኝ ነበር።

ጋሼ ብድግ ብለው ልብሳቸውን አራገፉ። የሽያጩ ነገር የሚነሣበት ሰዓት ነበር፤ እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እንደ ድርሻቸው የራሳቸውን ሳጥን ሽቦ መንቀል ጀመሩ።

«ተወው» አሉ እትዬ።

ንገሪልኝ ብለው እኔን እያዩ መስሎኝ ዞርኩ። እኔን አላዩም።

«ተወው፤ ማክሰኞም መብራት አለ።»

ጋሼ የነቀሉትን መልሰው ሰኩ፤ ወንበሩን ወደ እህታቸው አስጠጉና ካሴቱን ገለበጡት።

አፌን ዘጋሁ። መፍቻዬንና ባትሪ ድንጋዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ደህና ዋሉ ብዬ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁ። እትዬ እንግዳ እስከ አስፋልቱ ሳይሸኙ የማይመለሱ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን እስከ በሩ እንኳ የሸኘኝ የለም።