ከፍሪጅ ጀርባ የቆመው አማች

በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የክዌትን ድምፅ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ዛሬ ጁባ የገባ ነው፣ ወይ ጆሮው ሐኪም ይፈልጋል። ክዌት ከረፋዱ ጀምሮ ከኢትዮጵያ በመጣው ነጋዴ በረፊቅ ሱቅ ደጃፍ ሜጋፎን ይዞ ይቆምና ባልዲ፣ ፔርሙዝና የፕላስቲክ ወንበር ያሻሽጣል።

«ይህ ወንበር ትልቅ ሰው ጠዋት ተቀምጦበት እስከ ማታ ስብሰባ መርቶበታል! እግሩ አልተነቃነቀም! ቀድሞ የፈረሰው ስብሰባው ነው!»

ያደገው ጋምቤላ፣ በስደተኞች መንደር ነው። አማርኛን ከመምህራን ይልቅ ከአውቶቡስ ረዳቶች ስለተማረ፣ ፍቅሩን ሲገልጽ እንኳ ቃናው «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ይመስላል። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሥራ ሞክሮ ከብዙው ተባሯል። የተባረረበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አለቆቹን ያስቃቸው ነበር፣ አለቆች ደግሞ በሠራተኛ ፊት መሳቅን አይወዱም።

ረፊቅ ግን አላባረረውም። ረፊቅ ቀልድ የሚገባው በማግስቱ ነውና አልተቸገረም። እንዲያውም በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቡሉክ ሰፈር፣ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚያዘወትሩት የመጠጥ ቤት ግቢ ክዌት መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያስቅበትን ዝግጅት የሚያሰናዳው እሱ ነው። ወንበር ያመጣል፣ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ያስተናግዳል። ቀልድ ከሥራዎች ሁሉ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ሰዎች በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆመው ዝምታን ሰምተው አያውቁም። ረፊቅና ክዌት ሰምተዋል። ስለዚህ ሥራቸውን አጥብቀው ይይዙታል።

የክዌት ዋነኛ ቀልድ ስለ ወደፊት አማቱ ስለ ማማ ግሬስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእጮኛው በኛሉዋክ ቤተሰብ የጥንቱ ወግ ሳይሸራረፍ ይጠበቃል፤ ወንድ ልጅ ከሚስቱ እናት ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፣ በፊቷም አይበላም። ሲመጣ ትሸሸጋለች፣ ስትመጣ ይሸሸጋል። ክዌት ማማ ግሬስን የሚያውቃት በሳሏና ከአጥር ሥር በሚታየው ነጠላ ጫማዋ ብቻ ነው። ሰው ያላየውን ሲተርክ ወሰን የለውምና ቀልዱ ከወር ወር እየሰባ ሄደ። ኛሉዋክ በአንድ ነገር አስጠንቅቃው ነበር።

«የፈለግከውን በል። እናቴ ጆሮ ከገባ ግን ሠርግ የለም።»

የመጨረሻውን እሺታ የሚቀበሉት ሽማግሌዎች ማማ ግሬስ ቤት የሚሄዱት ከዚህ ወር ዝግጅት አንድ ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ነው።

በዚህ መሐል ረፊቅ ካቶር ሰፈር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ማኅበር ወንበር ሊያደርስ ሄዶ ማማ ግሬስን ተዋወቃት። ስደት አማርኛ አስተምሯታልና በደንብ ተግባቡ። የክዌት አማት መሆኗን ሲሰማ ልቡ በአክብሮት ሞላ። ዝግጅቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ወደ መጋረጃው ኋላ መጥቶ የክዌትን ትከሻ መታ አደረገ።

«ስጦታ አምጥቼልሃለሁ። የሚያስቀው አንተ መሆንህን ግን አልነገርኳትም። የፊቱን ረድፍ እየው፤ ትራስ ያለው ወንበር።»

ክዌት በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። ፊቷን አላየም፤ ቀድሞ ያየው ነጠላ ጫማዋን ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሼ፣ ገደልከኝ!»

«ምን አጠፋሁ? አማት ማክበር ወንጀል ነው? እኛ አገር አማት ከኋላ ከተቀመጠች ሠርግ ይፈርሳል!»

«እኛ አገር ከፊት ከተቀመጠች ይፈርሳል!»

ረፊቅ አሰበ። «ስለ እሷ ያልሆነ ቀልድ የለህም?»

«አለኝ። ስለ አንተ።»

«እሱ ይቅር።»

ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀምሯል። መድረኩ ጥግ ላይ መሥራት ያቆመ የለስላሳ ፍሪጅ ቆሟል። ክዌት ማይኩን ይዞ፣ በመጋረጃው ሥር በደረቱ ተስቦ ከፍሪጁ ጀርባ ገባ። ከእሱ የሚታየው አንድ ክርን ብቻ ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ!» አለ ፍሪጁ።

ሕዝቡ ሳቀ። ክዌት ስለ ወንበር ቀለደ፣ ስለ መንገድ ጉድጓድ ቀለደ። ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ደንበኞቹ የመጡበትን ያውቃሉ።

«አማትህስ?» ጮኸ አንዱ ከኋላ። «አማትህን አምጣ!»

«አማትህን! አማትህን!» ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ከፍሪጁ ጎን ይታይ የነበረው ክርኑም ገባ።

በዚህ ጊዜ የወንበር እግር ሲጎተት ተሰማ። ማማ ግሬስ ተነስታ፣ ወንበሯን አዙራ፣ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ተቀመጠች። ወጉ የሚያስረው እሱን ብቻ አይደለምና። አብረዋት የመጡት የማኅበሩ ሴቶችም አዞሩ። ትልልቅ ሰዎች ካዞሩ ብሎ ቀጣዩ ረድፍ አዞረ፣ ከዚያም ግቢው በሙሉ። ረፊቅ ምንም ሳይገባው፣ ወግ ነው ሲሉ ሰምቶ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን ወደ ግንቡ መለሰ።

ክዌት አንገቱን ብቅ ቢያደርግ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው። ደፈረ።

«አማቴ እኔን አታናግረኝም፤ ፍየሏን ነው የምታናግረው። ‹አንቺ ፍየል፣ ከአጥሩ ኋላ ላለው ሰው ንገሪው፤ ሸሚዙን አይተኩስም ወይ?› እኔም፣ ‹እትዬ ፍየል፣ መብራት የለም በይልኝ› እላለሁ። ፍየሏ እንዲህ ስትመላለስ ኖራ አንድ ቀን ጠፋች። ብንፈልጋት አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ አገኘናት። ‹የሰላም ድርድር አለ ሲሉ ሰምቼ ነው፤ የሥራ ልምድ አለኝ› ትላለች!»

ፊት ለሌለው ሕዝብ የሚቀልድ ሰው ትከሻ ማንበብ አለበት። ትከሻዎቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ባለ ትራሱ ወንበር ላይ ያለው ትከሻ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። ክዌት ሠርጉን በልቡ ቀበረው።

ማማ ግሬስ ተነሳች። ፊቷን ሳታዞር ጮክ ብላ ተናገረች።

«አንተ ፍሪጅ!»

የክዌት አንገት ወደ ፍሪጁ ጀርባ ተመልሶ ገባ።

«ከኋላህ ላለው ሰው ንገረው። ስለ ሸሚዙ እውነት ነው፤ ብዬዋለሁ። ፍየሌ ግን ጠፍታ አታውቅም። ቤት ናት። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ትጠብቃለች። ተተኩሶ ይምጣ።» ከዚያ በኋላ ነው ትከሻዋ የተንቀጠቀጠው።

«አቶ ፍሪጅ፣» አለ ከፍሪጁ ጀርባ የመጣ ድምፅ፣ «ይተኮሳል በልልኝ!»

በማግስቱ ረፊቅ ስለ ፔርሙዝ ከሚከራከር ገዢ ጋር ሳለ በድንገት «የሥራ ልምድ!» ብሎ ፈነዳ። ገዢው የተሰደበ መስሎት ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ማማ ግሬስ ግቢ ገብተው ሲቀመጡ፣ ከበሩ ውጭ ራክሻ የሚሏት አንዲት የጭነት ባጃጅ እያቃሰተች ቆመች። ረፊቅ ወግ አክባሪ ነውና፣ የታዘበውን ሥርዓት ሊያጓድል አልፈለገም፤ ፍሪጁን ከመጠጥ ቤቱ ተውሶ፣ በገመድ አስሮ ጭኖት መጥቷል። ከኋላው ክዌት፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት ተተኩሶ፣ ፍሪጁን ደግፎ ይከተላል።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማማ ግሬስ ከማድቤቱ በር ብቅ ብላ ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች መረመረችው። ከዚያ ወደ ፍየሏ ዞረች።

«ጠይቂልኝ፤ ይሠራል?»

ረፊቅ ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት ወደ ፍየሏ ጎንበስ አለ።

«አይሠራም በይልኝ።»