አባቴ የሚቀመጥበት ማርሚታ

ዛሬ ጠዋት አባቴ ለውዱእ ተነስቶ ወደ ጓሮ እንደገባ፣ አንድ ቆራሌ ጋሪውን አቁሞ ኒም ዛፏ ጥላ ስር ያለውን የአባቴን መቀመጫ በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ላዩ ላይ የተደረበውን ማዳበሪያ ገፎ ገለበጠው። መቀመጫ ተብሎ የተሠራ ነገር አይደለም፤ የመኪና ማርሚታ ነው፣ ያ ከመኪና ሆድ ስር ተንጠልጥሎ የሞተሩን ጩኸት የሚያፍነው ቦርጫም ብረት። ሲገለበጥ ከአፉ እፍኝ የሚያህል ጥላሸት መሬቱ ላይ ተዘረገፈ፤ ተከትሎም ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ዘይትና የዛገ ብረት ሽታ። አረንጓዴዋ የብረት ጠረጴዛ ላይ የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጠው እግሬ ቀጥ አለ።

ይሄ ብረት እኛ ጋ ሲመጣ ሰባተኛ ክፍልን ልጨርስ የተቃረብኩ ልጅ ነበርኩ። የአባቴ ብየዳ ቤት ከሚሴ መሃል ከአስፋልቱ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ነበረች፤ ወደ ባቲ ገበያ የሚነዱ ከብቶች አቧራቸውን እያስነሱ በደጃፏ ያልፋሉ፣ ከጨፋ ማሽላ የጫኑ መኪኖች ለራዲያተራቸው ውሃ ሊለምኑ ይቆማሉ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን የላሜራ ክምር ላይ አስቀምጬ እስከ መግሪብ እዚያው አመሻለሁ። ሰዉ አባቴን ሰይድ ብየዳ ይለዋል። ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ የጆሮው ግማሹ ሄዷል፤ በቀረው ግማሽ የሚሰማው ጮክ ብሎ የተነገረውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጮክ ማለት ያልተሰጠኝ ነበርኩ። መምህር ስሜን ሲጠራ "አቤት" የምለውን ከጎኔ የተቀመጠችውም አትሰማውም። ስለዚህ ከአባቴ ጋር የምንግባባው በምልክት ነበር፤ ሻሼን ወደ ታች ከሳብኩ አልሆነም፣ ጫፉን ይዤ ወደ ላይ ካነሳሁ ጥሩ ነው። እሱ ግን የሚጠይቀኝ በኦሮምኛ ነው፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። "ጋሪዳ?" ይላል፣ ጥሩ ነው ወይ ማለቱ ነው። ለበሩ ቀለም ጋሪዳ፣ ለአልጋው እግር ጋሪዳ፣ ለሻዩ ስኳር ጋሪዳ። አረንጓዴዋን ጠረጴዛ የሠራልኝም ያኔ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እንዳጠናባት ብሎ ነበር፤ ለመጻሕፍት ከስሯ መደርደሪያ፣ ከጎኗ ደግሞ ለቦርሳዬ ማንጠልጠያ አበጀላት። ከቤታችን ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው አልነበረም፣ አባቴም ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ከበር መስኮቱ በፊት ጠረጴዛዋን ነበር የሚያሳየው።

በዚያው ሰሞን ጀማል መጣ። ጀማል የአንድ የከብት ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዓረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ ከአዲስ አበባ አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት የተጣበቀች አሮጌ መኪና ገዝቶ ገባ። በወጣትነቷ የእሽቅድምድም መኪና ነበረች ይሉ ነበር። ቆማ ስትታይ ልትበር የተዘጋጀች ትመስላለች፤ ከአስፋልቱ ወርዳ ኮረኮንቹ ላይ ስትገባ ግን ሆዷ ድንጋይ እንዳይነካት ከእግረኛ እኩል እየተሳበች ስለምትሄድ የሰፈሩ ልጆች ቆጫ አሏት፣ ኤሊ። አንድ ቀን ሦስት ወፍራም እናቶች ከነዱቄታቸው የጫነ ባጃጅ ቀድሟት አለፈ። ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው እልልታውን ሲያቀልጠው ጀማል መሪውን አዙሮ አባቴ ደጅ ላይ ቆመ።

"አያ ሰይድ" አለው ጆሮው ስር ገብቶ፣ "ለዚች መኪና አፍ አውጣላት። ስትመጣ ሰው ሳያያት ይወቃት።"

"ሞተሯ ያው የድሮው ነው። ብትጮህ አትፈጥንም" አለው አባቴ።

"ፍጥነቱ ይቅርብኝ።"

መኪናዋ በክሪክ ተነሳች፣ አባቴም ይሄን ማርሚታ ቆርጦ ጎትቶ ከግድግዳው ስር ወረወረው። በቦታው የሚገባው ከጭነት መኪና የተረፈ ወፍራም ቱቦ ነበር። ቱቦ ዝም ብሎ ከታጠፈ ይጨማደዳልና መጀመሪያ ከቦርከና ዳር የመጣ አሸዋ ይሞላል፣ ሁለቱም አፉ ይደፈናል፣ ከዚያ በእሳት እየጋለ ቀስ ተብሎ ይታጠፋል። አሸዋው ውስጥ እርጥበት ካለ ግን ሲግል ይፈነዳል፤ ስለዚህ ላሜራ ጥጄ አሸዋ መቁላት የእኔ ሥራ ሆነ። እንደ ገብስ እያማሰልኩ ስቆላ የሚያልፉት ሴቶች "ለእራት ነው ሐያት?" ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ሌላ ሰሞን አላስታውስም።

ቱቦው ተበይዶ ሞተሩ ሲነሳ የወፍጮ ቤቱ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ፣ አንድ የባቲ በሬ ገመዱን በጥሶ ጠፋ፣ ከመስጊድ የወጡ ሽማግሌም ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ እንደከተቱ መጥተው አባቴን ረገሙት፤ እሱ አልሰማም እንጂ። ጀማልም ይሄ ድምፅ አይደለም፣ መቀደድ ነው አለ። አባቴ ታዲያ ቀጭን ሳጥን ሠርቶ፣ በውስጡ በየጎኑ የተበሳሳ ቱቦ አስገብቶ፣ በዙሪያው የእናቴን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እየጠቀጠቀ ድምፁን ማረቅ ጀመረ። ሽቦ ሲጨምር ይታፈናል፣ ሲቀንስ ይቀደዳል። ማጠቢያዋ በጠፋ ቁጥር እናቴ ጀማልን ነበር የምትራገመው። ከቅርብ የሚሰማ ድምፅ ያታልላል ብሎ አባቴ እኔን ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ያቆመኛል፤ ሞተሩ ይነሳል፣ እሱ ከመኪናው ስር አንገቱን ብቅ አድርጎ "ጋሪዳ?" ይላል፣ እኔም ሻሼን ወደ ታች እስባለሁ። ተመልሶ ይገባል። ስንቴ ወደ ታች እንደሳብኩ አላውቅም። ጀማል ተሰላችቶ "ይቺ ምን ታውቃለች" ሲለው አባቴ ያንን እንኳ አልሰማውም።

አንድ ቀን ከአስር በኋላ ያ ድምፅ መጣ። ዝቅ ያለ፣ ክብ የሆነ፣ በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚገባ ድምፅ ነበር፤ ትልቅ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። አይጮህም፤ ግን የወፍጮ ቤቱ ላሜራ በር በእሱ ተንቀጠቀጠ። የእኔ ቢሆን አልኩ በልቤ፣ ከእኔ አፍ የሚወጣው እንዲህ ያለ ቢሆን። የሻሼን ጫፍ ከፍ አድርጌ አነሳሁ።

አባቴ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዝም አላለም። ሻይ ቤት በተቀመጠ ቁጥር መኪናዋ ስታልፍ "ድምፁን ያወጣችው የእኔ ሐያት ናት" ይል ነበር፣ ደንቆሮ ሰው በሚያወራበት በዚያ ከፍ ባለ ድምፅ። የሰማ ሁሉ ይስቅና ለቤቱ ሌላ አድርጎ ይወስደዋል። ሰይድ ብየዳ የጀማልን መኪና ያሳመረው ለልጁ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ጀማል የሚያልፈው ለሐያት ነው ተባለ፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነዳጅ የሚሰጠው እኔን ሊጠራ ነው ተባለ። መንገዱ ወደ አባቱ የከብት በረት የሚወስደው መንገድ ነበር፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሐሜት ጮክ ተብሎ ስለማይወራ ለአባቴ ብቻ አልደረሰውም።

ያ ድምፅ ሲመጣ የክፍላችን ላሜራ መስኮቶች ቀድመው ይንቀጠቀጣሉ። የሳይንስ መምህራችን ጠመኔውን እንደያዘ ዞሮ "ሐያት፣ ተጠርተሻል" አለ አንድ ቀን፣ ክፍሉም ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ደስ ብሎት መሰለኝ በማግስቱም ደገመው። በኋላ በኋላ መናገሩንም ተወው፤ መስኮቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን አጣጥፎ እኔን ያየኛል፣ መኪናዋ አልፋ እስክትሄድ። ከጎኔ የምትቀመጠው ዘምዘም ከሁሉ ቀድማ ነበር የምትስቀው። ውሸት ነው ለማለት መነሳት፣ ተነስቶም መሰማት ያስፈልጋል። እኔ የማውቀውን መልስ እንኳ እጄን አውጥቼ መመለስ አቆምኩ።

እናቴም ሰማች። ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋችና "እውነት ነው?" አለችኝ። አይደለም ያልኩት ለራሴም አልተሰማኝም። ዝምታዬን ለመልስ ወሰደችው። "እኔ ድምፅ የላትም እያልኩ ላንቺ ዱዓ አስደርጋለሁ፣ አንቺ ለካ በመኪና ትጣሪያለሽ" አለችና መታችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ረጅም ጊዜ በስሜ አልጠራችኝም።

ሚኒስትሪ ተፈተንን። ፈታኙ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ፣ እኛን የማያውቅ ሰው ነበር። ሒሳቡን በደንብ እየሠራሁ ግማሽ ላይ ስደርስ መስኮቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ክፍሉ ሁሉ፣ ፈተናውን ትቶ፣ ዞሮ አየኝ፤ የታፈነ ሳቅ ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። ሰውየው መኮራረጅ መሰለው፤ መጥቶ ፊቴ ላይ ቆመና "ምን ተባባላችሁ? ተነሽ" አለ። ተነሳሁ። "ተናገሪ እንጂ።" ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። "ዱዳ ነሽ?"

"ኧረ አይደለችም ጋሼ" አለች ዘምዘም፣ "መኪናው ነው የሚናገርላት።"

ፈታኙም ሳቀ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው ከሌላው ጋር አብሮ ሳቀ። ወረቀቱን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ብየዳ ቤቱ ስደርስ አባቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ፊቱ እያበራ፣ "ጋሪዳ?" አለኝ። ሻሼን ወደ ላይ አነሳሁ። ውጤቱ የመጣ ቀን መውደቄን አየ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለ ትምህርት ዳግመኛ ጋሪዳ ብሎኝ አያውቅም።

ከረመዳን በኋላ ጀማል ሊያገባ ነው ተባለ፣ የደሴ ልጅ። ሳጥኑ ውስጥ የተጠቀጠቀው ሽቦ ተቃጥሎ ድምፁ ሻክሮ ነበርና ለሠርጉ እንደ ድሮው ይሁንልኝ ብሎ መኪናዋን አመጣት። አባቴ ከቤት አስጠራኝ። ጀማል ስደርስ ቀና ብሎ አየኝና "ያያ ሰይድ ልጅ ነሽ? ስምሽ ማን ነበር?" አለኝ፣ በትህትና ነው፣ ምንም ክፋት በፊቱ ላይ አልነበረም። ስሜን ነገርኩት። አልሰማኝም፣ ደግሞም አልጠየቀኝም። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሰልፉ ላይ ዘምዘምና ሌሎች የክፍሌ ልጆች ዱቄት ይጠብቁ ነበር፤ "ለሙሽራዋ ነው እኮ የምታሳምርላት" ሲባባሉ ይሰማኛል። አባቴ "ጋሪዳ?" አለ። ሻከር ያለ ነበር፤ ወደ ታች ሳብኩ። ደግሞ አስነሳው፤ አሁንም ሳብኩ። ያ ክብ ድምፅ ተመልሶ ደረቴ ውስጥ እስኪገባ ጠበቅኩና አነሳሁለት። እንዲሁ አንስቼ መገላገል እችል ነበር፤ ግን አባቴ በሚያምነው ጆሮዬ መዋሸት አልሆነልኝም። ሠርጉ በደጃችን ሲያልፍ ድምፁ በጣም ያምር ነበር።

ቆጫ ዛሬ ጎማ አልባ ሆና እዚያ የከብት በረት ውስጥ ዶሮ ታድርባታለች። ዘምዘም እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ሆናለች፤ ቀሚስ ልታሳጥር ስትመጣ "ሐያትዬ፣ እጅሽ እኮ ወርቅ ነው" ትለኛለች፣ ምንም አታስታውስም። በአረንጓዴዋ ጠረጴዛ ላይ የስፌት መኪናው ተቀምጧል፤ ቦርሳ ማንጠልጠያው ላይ መቀስ አንጠለጥልበታለሁ። የአባቴ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ሄደ፣ ዓይኑንም የብየዳው ብርሃን እየበላው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ፈተናውን ለምን ትቼ እንደወጣሁ ልነግረው ስፈልግ ድምፄ አነሰ፤ ያሉን ምልክቶች ደግሞ ለበርና ለአልጋ የሚሆኑ ነበሩ፣ ለዚህ የሚሆን አልነበረንም። አሁን ጆሮው ላይ አፌን ደፍቼ ብጮህም የሚሰማኝ የለም።

አባቴ ከጓሮ ሲመለስ ቆራሌው በእጁ ምልክት ማርሚታውን እንደሚገዛው አሳየው። አባቴም እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ "ጋሪዳ?" አለኝ።

ከዚያ ድምፅ በፊት ከነበረው ጊዜ ሳይቀየር የቀረኝ ይሄ ብረት ብቻ ነው። ይሄ ያለበት ጊዜ መኪናዋ ዝም ብላ ታልፍ ነበር፣ እኔም ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነበር። ያን ወረቀት ትቼ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከዚያ መኪና ድምፅ በቀር አባቴ ለጠየቀኝ ሁሉ ሻሼን ወደ ላይ ብቻ ነው የማነሳው። ዛሬ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ወደ ታች ሳብኩት፤ ደግሜ ሳብኩት።

"ጋሪዳ ብላለች" አለው አባቴ ቆራሌውን፤ ያየው የሻሼን መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። "ውሰደው።"

ሰውየው ማርሚታውን ጋሪው ላይ ጫነ። አባቴ ማዳበሪያውን አራግፎ መሬቱ ላይ አነጠፈና፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።