አያቴ ያወጡላት ስም

ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የሚጣለው የዚያ ነጭ ክኒን ሽታ ዛሬም የሰው ቁም ሳጥን ሲከፈት አፍንጫዬን ከመታኝ፣ ፍኖተ ሰላም ከቡሬ መንገድ ገባ ብሎ የነበረው የአያቴ ቤትና አልጋ ሥር የተገፋችው ቡናማ ሻንጣ ፊቴ ድቅን ይላሉ። አባቴ አሜሪካ ገብቶ ለእናቴና ለእኔ ቪዛ ካመለከተ ወዲህ ሻንጣዋ ተሸክፋ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። እናቴ ደህና ደህናውን ልብሷን እዚያ ከትታ በአሮጌው ትውል ነበር፤ የእኔም ጫማ «የመሄጃ» እየተባለ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥና አንድ ቀን ሳላደርገው ይጠበኝ ነበር።

የምንኖረው ከአባቴ እናት ጋር ነበር። አያቴ ከአባቴ በቀር ልጅ አልነበራቸውም። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን በርጩማቸውን ደጃፉ ላይ አድርገው ስለሚቀመጡ እሳቸውን ሳያልፍ የሚወጣም የሚገባም አልነበረም። እናቴ ገበያ ለመውጣት እንኳ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊታቸው ቆማ፣ «እማማ፣ ልሂድ?» ብላ ትጠይቃቸው ነበር። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ሂያጇ» ይላት ነበር፤ ሂያጅ ናትና ሥራ የሚሰጣት አልተገኘም። ጓደኞቼም ለእንቁጣጣሽ ቡድን ሲያበጁ «አንቺማ ትሄጃለሽ» ብለው ይተዉኝና እኔ በንዴት እርር እል ነበር። አልሄድን፣ ደግሞም አልኖርን።

ክረምት ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አያቴ የማይሰሙን እየመሰለን የኤምባሲውን ቃለ መጠይቅ እንለማመድ ነበር። ቆንስሏ እኔ ነበርኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ ፊቴን አኮሳትሬ፣ «ባልሽን የት አገኘሽው?» እላታለሁ። «በሽማግሌ ነው የተጋባነው» ትለኛለች። «ከሠርጉ በፊት አይተሽው ታውቂ ነበር?» ስላት ግን አፏን በነጠላ ሸፍና «ኧረ ወጊጅልኝ!» እያለች ትስቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ጣቷን ቀስራ፣ «እዚያ ስንደርስ ካልተጠየቅሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» ትለኛለች፤ አፌ ልጓም እንደሌለው አገር ያውቅ ነበርና።

ቀጠሯችን መስቀል እንዳለፈ ደረሰ። አውቶቡስ ተሳፍረን፣ በደምበጫ አድርገን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን አዲስ አበባ ገባንና በማግስቱ ጠዋት ኤምባሲው ውስጥ ከመስኮቱ መስታወት ፊት ቆምን። ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ፈረንጅና አንድ የአገራችን ሰው፣ አስተርጓሚው፣ ነበሩ። እናቴ በላስቲክ የጠቀለለቻቸውን የአባቴን ደብዳቤዎች በሙሉ በመስኮቱ አሾለከችላቸው። አስተርጓሚው አንዱን ገለጠ፣ ሌላውን ገለጠ፣ ከዚያም «ይህን የሚጽፈው ባለቤትሽ ነው?» አላት።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ሙሉጎጆ ማን ናት ታዲያ?»

እኛ ዘንድ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ዳቦ ቆርሰው ስም ያወጡላታል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት በአባቷ ቤት ስም የሚጠራት የለም። እናቴ በፓስፖርቷ ባንችአየሁ ነበረች፤ አያቴ ያወጡላት ስም ደግሞ ሙሉጎጆ። አባቴ ማመልከቻውን በፓስፖርቷ ስም ሞልቶ፣ ደብዳቤውን ሁሉ ግን «ለውድ ባለቤቴ ለሙሉጎጆ» እያለ ሲጽፍ ኖሯል። ከመካከላችን ይህን ልብ ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ለእኛ ሁለቱም እሷው ነበረች።

እናቴ ድምፅዋ ሰልሎ «እኔው ነኝ፤ አማቴ ናቸው ያወጡልኝ» አለች። አስተርጓሚውና ሴትየዋ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። እኔ ነገሩን ከዳቦው ጀምሬ ልተርከው እችል ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቀኝምና ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። እስከ ዛሬ ያ ዝምታዬ ያናድደኛል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ማስረጃ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላመጣን ፋይሉ እንደሚዘጋ ነግረው ወረቀት ሰጡን። ከግቢው ስንወጣ እናቴ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ሌላ ሚስት ያለችው መሰላቸው እኮ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ፍርድ ቤቱ ምስክር ፈለገ። ሠርጉ ላይ የነበሩት ጎረቤቶች «ስሙን ያወጡት እሳቸው እያሉ እኛ በምን አፋችን?» አሉ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ደጃፉ ላይ በርጩማው ጋ ደረሰ። እናቴ በጥቅምት ስትጠይቃቸው አያቴ «ጤፉ ይታጨድ» አሉ። በጥር «ሠርግ በዝቶብኛል» አሉ። ሁዳዴ ሲገባ «ጾም ይዤ አልምልም» አሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ እግራቸውን ያዛቸው። ምራት አማቷን አታጣድፍም፤ እናቴ «እሺ እማማ» ብላ ወደ ጓዳ ትመለሳለች፣ እዚያም ሻንጣዋን ጎትታ ልብሷን አውጥታ መልሳ ታጣጥፋለች። ያን ዓመት ቤቱ የጠበበኝን ያህል ሌላ ቦታ ጠቦኝ አያውቅም።

ሐምሌ ገባ። ነሐሴ ፍርድ ቤት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓመቱ ያልቃል። አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ሳለ አያቴን ቀጥ ብዬ አየኋቸውና፣ «እማማ፣ ለምንድን ነው የማይለቁን?» አልኳቸው። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አያቴ ግን አልተቆጡም።

«እናንተን ለቅቄ ማንን ልይዝ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

በማግስቱ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ «ነይ፣ ጭቃውን ምሪኝ» አሉኝ። እናቴ ከኋላችን እየተጣደፈች ነጠላዋን መንገድ ላይ ለበሰች። ዳኛው «ይህችን ሴት ያውቋታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የልጄ ሚስት ናት። አባቷ ቤት ባንችአየሁ ይሏታል፣ እኛ ቤት ሙሉጎጆ ናት። ዳቦ ቆርሼ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁላትም እንድትቀመጥልኝ ነበር። እንግዲህ ለመሄጃ ካስፈለጋት ትሂድበት» አሉ፣ ደጅ ያለው ሰው እስኪሰማ ድረስ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ ዳኛውን አየው። ዳኛው «የመጨረሻው አይጻፍ» አለው።

ፍርድ ቤቱ በሰጠን ማስረጃ ቪዛው ተሰጠን፤ ጥቅምት ሳያልቅም ሄድን። አያቴን ከዚያ ወዲያ በዓይነ ሥጋ አላየኋቸውም፤ እኛ በሌለንበት አረፉ። ያኔ ቤቱ ውስጥ የታሰርን እናቴና እኔ፣ በረኛዋ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ የማስበው እኛ ስንወጣ እዚያ ስለቀሩት ስለ እሳቸው ነው። ልጄ ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሆኗታል፤ ሩቅ ከተማ የሚገኝ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ፈርሚልኝ ያለችኝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ምግቡ ይቅረብ፣ እቃው ይታጠብ እያልኩ እዞረዋለሁ። አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ጮክ ብለው ነበር የለቀቁን፤ እኔ እስክሪብቶ ይዤ ገና አልቻልኩም።