በብስክሌት እስከ ዩታ ድንበር

እህቴ ዘርፈሽዋል ኮሜርስ ሲቲ ወዳለው የመጋዘን ሥራዋ የምትመላለሰው በብስክሌት ነው። ቸግሯት አይደለም፤ ፈልጋ ነው። የአገሬ ሰው ግን ይህን ማመን አይሆንለትም። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያያት ሁሉ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ «ምነው፣ ላይሰንስሽን ተቀማሽ እንዴ? ግቢ ላድርስሽ» ይላታል። ስድስት ዓመት ሙሉ «አልፈልግም» ስትል ኖራለች።

በሃምሳ ስምንት ዓመቷ «ተራራውን አቋርጬ፣ በረሃውን አልፌ ዩታ ድንበር እደርሳለሁ» ስትል ግን እኔ ታናሽ ወንድሟ ከሰው ሁሉ ባስኩ። «እትዬ፣ መንገድ ላይ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» ብዬ ጮኽኩባት። ጎማዋን ነፍታ ወጣች። መኪናዬን አስነስቼ ተከተልኳት።

ተራራውን የሚያሻግረው መንገድ፣ ሎቭላንድ ፓስ፣ አናት ላይ አየሩ ሳሳብኝ። ራሴን አዞረኝ፤ ከመኪናዬ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብስክሌቷን ጥላ መጣችና ግንባሬን ይዛ በሶ በጥብጣ አጠጣችኝ። ነፍስ ስዘራ ተነሳች።

«በል አባይነህ፣ ወደ ቤትህ ግባ። አንተን እያስታመምኩ ዩታ አልደርስም።»

መኪናዬን አዙሬ ቁልቁል ወረድኩ።

በስድስተኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ። ዛፍ የሌለበት ቀይ ምድር፣ የዩታ ታፔላ፣ እሱን የተደገፈች ብስክሌት። ወዲያው ደወልኩላት።

«እዚያው ጠብቂኝ፣ መጥቼ ልውሰድሽ።»

«ውሰደኝ ያለህ ማን ነው? ራስህን ያዞረህን ተራራ ገና አንድ ጊዜ ነው የወጣሁት። ስመለስ እደግመዋለሁ።»